ያመመኝ ሌላ፣ የተነቀለው ሌላ፦ የጥርስ ክሊኒክ ገጠመኜ

የክሊኒኩን ስም አልጠራም፣ ግማሹ ወቀሳ ስለሆነ። አዲስ አበባ ነው ያለው፣ የመንጋጋ ሰርጀኗ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የምትገባው።

በቀኝ በኩል ታች የመጨረሻው መንጋጋዬ፣ ያው ዊዝደም የሚሉት፣ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ድድ ውስጥ ቀርቶ በየሁለት ወሩ እየተነሳ አፌን መክፈት ያቅተኛል። በፊት የምሄድበት ቦታ ሦስቴ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ጽፈው ሸኙኝ፣ ራጅ የሚባል ነገር የለም። እማዬ ደግሞ ቅርንፉድ ያዝበት ትላለች፣ እሱ እንኳን አንድ ሌሊት ያስተኛል።

እዚህ ግን ገና ሳልቀመጥ ፓኖራሚክ ራጅ አነሱኝ፣ ቆመህ አገጭህን ታስደግፋለህ ማሽኑ ፊትህን ይዞራል በቃ። ዶክተሯ በእስክሪብቶ ያሳየችኝ ታዲያ የሚያመኝን አይደለም። በግራ በኩል አንድ ቀን እንኳን ተሰምቶኝ የማያውቅ መንጋጋ ጥርስ አጥንት ውስጥ ጋደም ብሎ ተኝቷል፣ አናቱን ደግሞ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ጥቁር ክብ ከቦታል። ጥርስ ከመውጣቱ በፊት የሚሸፍነው ከረጢት አለ፣ ጥርሱ ሳይወጣ ሲቀር አንዳንዴ ከረጢቱ ውሃ ይቋጥርና አጥንቱን ቀስ እያለ እየበላ ያድጋል፣ እስኪያመረቅዝ ድረስ ላያምህ ይችላል አለችኝ። ዴንቲጀረስ ሲስት ይባላል። ግን "በራጅ ብቻ እሱ ነው ብዬ አልፈርምልህም፣ አሜሎብላስቶማ የሚባለው የመንጋጋ ዕጢም፣ ኬራቶሲስት የሚባለው ሌላ ዓይነት ከረጢትም እንዲህ ሊመስሉ ይችላሉ፣ የወጣው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ይሄዳል" አለች። እዚህ ጋ ነው ልቤን የገዛችው።

የከንፈሩ ነርቭ ከጥርሱ ስር ስለሚያልፍ ሲቲ ስካን አስነሳችኝ፣ ከንፈርህ ሊደነዝዝ ይችላል ብላም አስቀድማ ነገረችኝ። ሰርጀሪው በማደንዘዣ መርፌ ብቻ አንድ ሰዓት ከምናምን ፈጀ፣ ህመም የለም፣ ጥርሱን ቆራርጣ ስታወጣው ድምፁ ግን ጆሮህ ውስጥ ነው የሚጮኸው። ከረጢቱን ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከታ አሳየችኝ፣ የእንቁላል ውስጠኛ ሽፋን ነው የሚመስለው። ከዛ ብልቃጡን ራሳችሁ ላብራቶሪ አድርሱ ተባልን፣ ወንድሜ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት እጁ ታቅፎት ሄደ፣ ረዳቱ ጠበል መስሎት ቦታ ለቀቀለት ሃሃ። የፓቶሎጂው ክፍያም ለብቻ ነው፣ ቀድመው ቢናገሩ ምን ነበረበት?

ሳምንቱን በቀዝቃዛ አጥሚት አለፍኩት፣ ስትሮ ክልክል፣ ሲጋራ ክልክል፣ የረጋው ደም ከተነሳ ጉድጓዱ ይደርቅና አሳርህን ታያለህ ብላኛለች።

ወቀሳዬ ሪሴፕሽኑ ላይ ነው። በማግስቱም ግራ ከንፈሬና አገጬ አልነቃ ሲል ሦስት ቀን ደወልኩ፣ መልሱ አንድ ነው፣ "ዶክተሯ ስትገባ"። ሰው እኮ በዛ ሰዓት ቀድሞ የተነገረውን ሁሉ ይረሳል፣ "የሚጠበቅ ነው፣ ክር ስታስወጣ ታይሃለች" ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር። በ8ኛው ቀን ክሩን ስታወጣ በጥርስ መፈተሻው ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ የሚሰማኝንና የማይሰማኝን በወረቀት ላይ ሳለችው፣ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል አለች። አሁን ሦስተኛ ወሬ ነው፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወረኛል፣ ቡና ስጠጣ ግን አሁንም በዛ በኩል ይፈሳል።

ውጤቱ ዴንቲጀረስ ሲስት ሆኖ መጣ፣ ተመስገን። በ6ኛው ወር አጥንቱ መሙላቱን ለማየት ራጅ ይደገማል፣ ያን ቀን የቀኙንም እዛው አስነቅለዋለሁ። ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የበላት ስልኩ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ካርድ አውጡ፣ አለበለዚያ እስከ ምሳ ወንበር ስታሞቁ ነው የምትውሉት።