ጋሼን አመስግኑልኝ፦ አሮጌ ቢኤምደብሊው ላላችሁ የዲሲና የቨርጂኒያ ሰዎች

ሰላም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖች። ይሄ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሀበሻ ሜካኒክ አሉ። «ስሜን እንዳትጽፊ፣ ወረፋው አሁንም አላስተኛኝ ብሏል» ብለው ስላስጠነቀቁኝ ስማቸውን አልጠራም። ደንበኞቻቸው ሁሉ ጋሼ ነው የምንላቸው። እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ዘይት ማስቀየር ለሚፈልግ ሰው አይደለም የምጽፈው። ዘይት ማንም ይቀይራል። የምጽፈው ዕድሜው የገፋ ስፖርት መኪና ገዝቶ ከጋራዥ ጋራዥ ለሚንከራተት ሰው ነው። ቢኤምደብሊው፣ ማርቼዲስ፣ ኦዲ፣ ፖርሽ። አዲስ ሳሉ ሀብታም የነዳቸው፣ ዛሬ ባገለገለ ካምሪ ዋጋ የሚገኙ። የረከሰው መኪናው ነው፣ መለዋወጫው ግን አልረከሰም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት መኪና የያዘ ሰው ከመኪናው ይልቅ ሜካኒኩን አጥብቆ ይምረጥ ባይ ነኝ። እኔ የጋሼን ያህል «ይሄ አይቀየርም፣ ገንዘብሽን ያዢ» የሚል ሜካኒክ አላየሁም።

የኔዋ የ2004 ቢኤምደብሊው 330ሲአይ ናት። ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ባለ 6 ማርሽ፣ ካምቢዮዋ በእጅ የሚቀየር። ሞተሯ 3 ሊትር ነው፣ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ 225 የፈረስ ጉልበት። በዛሬ ሚዛን ምንም አይደለም፣ ልጅ የሚያመላልሱ የቤተሰብ መኪኖች በጉልበት ይበልጧታል። ድምፁን ግን አያገኙትም። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ሲሰጧት የምታወጣውን ድምፅ ለመስማት ብዬ ብቻ ጣሪያዋን በብርድ የምከፍትበት ጊዜ አለ። ጎረቤቶቼ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ወደ ስካይላይን ድራይቭ፣ ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ወዳለው የመዝናኛ መንገድ፣ ስንወጣ ነው። ከስፔሪቪል በ211 መንገድ ወደ ቶርንተን ጋፕ የሚወስደውን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ መጠምዘዝ ብቻ ነው። ክሩስኮቱ ላይ የራዲያተር ውሃ ማነሱን የሚያሳየው ምልክት በራ። ወዲያው ጣፈጥ የሚል ሽታ መጣ። ዳር ይዤ ሞተር አጠፋሁ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ግን መሀል ላይ ነበር፣ ፍንክች አላለም።

ቶው ያደረጋት መኪና መጀመሪያ የወሰደን ቤቴ አጠገብ ወዳለ ጋራዥ ነው። ስሙ ይቅር። ኮፈኑን ከፈቱ፣ አዩ፣ ዘጉ። «ቴስታታው ሄዷል፣ ሞተር ይቀየር» አሉኝ። ቴስታታ ማለት ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል ነው። የጠየቁት ዋጋ መኪናዋን ከገዛሁበት ይበልጣል። ቀጥለው ደግሞ «ካስቸገረሽ እንደቆመች እኛ እንገዛታለን» አሉ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሴት ብቻዋን ጋራዥ ስትገባ የሚነገራትን ዋጋ እህቶቼ ታውቁታላችሁ፣ እሱን አላብራራም። አንዲት የዕድራችን አባል የጋሼን ስልክ ሰጠችኝና መኪናዋን በቶው ወደሳቸው አስወሰድኳት።

ጋሼ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና ይጠይቁኝ ጀመር። ጭስ ነበር ወይ? ነጭ ነው ሰማያዊ? ጠዋት ስትነሳ ትንተፋተፋለች? ከቆመች በኋላ መልሰሽ አስነስተሻታል? አላስነሳሁም አልኳቸው። «ጎበዝ ልጅ» አሉና ተነሱ።

የውሃ ማጠራቀሚያው አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥመው አየር ሞሉበት። ወዲያው ሲርርር የሚል ድምፅ መጣ። ባትሪ አበሩና ጣቴን ይዘው የፕላስቲኩ ታንክ መጋጠሚያ ላይ አስነኩኝ፣ እርጥብ ነው። ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ። በቃ። የዚህ መኪና የታወቀ ሕመም ነው አሉኝ። ታንኩ ፕላስቲክ ነው፣ የራዲያተሩ ጎንና ጎን ፕላስቲክ ነው፣ ፓምፑ ውስጥ ውሃውን የሚገፋው ክፍል በብዙዎቹ ላይ ፕላስቲክ ነው። ሙቀትና ግፊት ለዓመታት ሲፈራረቅበት ይደርቅና አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

እኔ ግን ቴስታታው ሄዷል የተባልኩት ከጆሮዬ አልወጣም። ጋሼ ይሄን አይተው ሳያሳዩኝ ላለመልቀቅ ወሰኑ። ከመደርደሪያ ያገለገለ ታንክ አውርደው ለጊዜው ገጠሙ፣ ውሃ ሞሉ፣ ሞተሩን አስነሱ። ከዚያ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ታንኩ አፍ ላይ ደግነው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማ እየጨመቁ የታንኩን አየር በፈሳሹ ውስጥ አሳለፉት። የቴስታታው ጋርኒሲዮን፣ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ማሸጊያ፣ ተበልቶ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባ ከሆነ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል።

«ምን ቀለም ይታይሻል?»

«ሰማያዊ።»

«ደግመሽ እዪ እስቲ።»

«ሰማያዊ ነው ጋሼ!»

«እንግዲያው ቴስታታሽ ደህና ነው። ማነው ሞተር ይቀየር ያለሽ?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ በሰው ላይ ክፉ አልተናገሩም። ይሄም አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን ሜካኒክ ሲያሙ ሰምቻቸው አላውቅም።

ስለ መለኪያው ቀስት የነገሩኝን ለሁላችሁም ልንገር፣ የዚህ ዘመን ቢኤም ያላችሁ አስተውሉ። ቀስቱ የተሠራው ባለቤቱን እንዳያሳስብ ተደርጎ ነው። ሙቀቱ ከ75 እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ቢወጣ ቢወርድ መሀል ላይ ቁጭ ይላል። ከመሀል ተነስቶ ወደ ቀዩ ሲሄድ ካያችሁት ነገሩ አልፏል ማለት ነው። ሞተሩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ያጣምመዋል። ስለዚህ ቀስቱን ሳይሆን የውሃውን ምልክትና አፍንጫችሁን እመኑ። «ትንሽ ልግፋ፣ ቤት ልድረስ» የሚባል ነገር እዚህ መኪና ላይ አይሠራም።

ሥራውን ሲጀምሩ ታንኩን ብቻ ይቀይራሉ ብዬ ነበር። እምቢ አሉ። የማቀዝቀዣውን ክፍል ባንዴ ነው የምንቀይረው አሉ፦ ታንክ፣ ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው)፣ የላይና የታች ጎማ ቱቦዎች፣ ቺንጋና ቺንጋውን የሚወጥሩት ሮለሮች። ሁሉም እኩል አርጅተዋል። አንዱን አዲስ ብታደርጊው ግፊቱ ወደ ቀጣዩ ደካማ ይሄዳል፣ በወሩ ደግሞ እዚያው ዳገት ላይ ትቆሚያለሽ። ጉልበቱንም አስቢው፣ ፓምፑን ለመድረስ የሚፈታው ነገር ቴርሞስታቱን ለመድረስም ይፈታል። አሳመኑኝ።

ቆሜ ማየት ስለምወድ ፈቀዱልኝ። የቬንትሌተሩ ብሎን ለብቻው ደስ ይላል። በእጅ የሚነዳው 330 ላይ ቬንትሌተሩ በቀጥታ ፓምፑ ላይ ነው የሚታሰረው፣ የሚፈታውም በ32 ቁልፍ ነው፣ ጥርሱ ግን በተቃራኒው ነው። ሌላውን ብሎን የምታላሉበት አቅጣጫ ይሄኛውን ያጠብቀዋል። ጋሼ ቁልፉን ሰጥተውኝ «ሞክሪ» አሉ፣ እሳቸው እየሳቁ። ሁለት እጄን አድርጌ ታገልኩ። በኋላ ተቀበሉኝና በመዶሻ ቁልፉን አንዴ ቀጭ ሲያደርጉት ለቀቀ።

አየር ማስወጣቱ ላይ ደግሞ ትዕግሥታቸውን አየሁ። ሞተሩን ሳያስነሱ የማስነሻውን ቁልፍ ብቻ ከፍተው፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ አድርገው፣ ታንኩ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ብሎን አላልተው ውሃውን በቀስታ ያፈሱ ነበር። አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም። ሩብ ሰዓት ያህል አንገታቸውን ደፍተው። ለዚህ መኪና የሚችኮል ሰው አየር ቆልፎበት ይሄዳል አሉኝ። የሞሉት በተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ የተበረዘ፣ ለቢኤም የሚሆነውን ሰማያዊ ፈሳሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ያልሠሩልኝ ነገር። የሞተሩ ክዳን ጋርኒሲዮን ዘይት ያላባል። እኔ ይቀየር አልኩ። «ላብ ነው፣ ሲንጠባጠብ ነይ» አሉ። የቫኖሱ (የሞተሩን ቫልቮች መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) ጎሚኒስ? «ስትነሺ ጉልበት ሲያጥርሽ ወይ ሲንኮሻኮሽ እናየዋለን።» ስፖርት ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አምጥቼ ላስገጥም ስል ደግሞ ተቆጡኝ፣ «ይሄ ሞተር ምን ጎደለው?» አሉ። በዚህ ብቻ ስንት ብር እንዳተረፍኩ አስቡት።

ያልጠየቅኳቸውን ግን ግድ አሉኝ። ጎማዬ ጥርሱ ገና ሙሉ ነው። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበቡና ይለወጥ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚናገሩት። 2313 ካለ በ2013 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጠሽ ተራራ አትወጪም አሉኝ። የፍሬን ዘይቱንም ቀየሩት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት ሲገባበት ቶሎ ይፈላል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ የፈላ እንደሆነ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ከፊት ያሉትን የእግር ጎሚኒዎች (የጎማውን እግር ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኙትን ላስቲኮች) ቀየሩ፣ መሪዋ የድሮ ጥራቱ ተመለሰ። መኪናዋን አንስተው ከኋላ በኩል አክሱ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታም በባትሪ ፈተሹ፣ እዚያ ጋ የሚሰነጠቅ የዚህ ሞዴል ችግር አለና። የኔዋ ንጹህ ናት። 330 ልትገዙ ያሰባችሁ ይሄን ሳታሳዩ ብር አትክፈሉ።

ሂሳቡን ሲሰጡኝ የዕቃው ደረሰኝ አንድ በአንድ ተያይዟል። የተነቀለው ዕቃ በካርቶን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠቅላላው ሞተር ቀይሪ ካሉኝ ሰዎች ዋጋ ሩብ አይሞላም።

እማዬ ከደብረ ሲና ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር ስካይላይንን ያሳየኋት በዚችው መኪና ነው። በፍሮንት ሮያል ገባን። መግቢያው ለመኪና 30 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። መንገዱ 105 ማይል ነው፣ የብሉ ሪጅ ተራራን ጫፍ ጫፉን ይዞ እስከ ሮክፊሽ ጋፕ ይወርዳል። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። በ35 ማይል ስፖርት መኪና ምን ያደርጋል የሚሉኝ አሉ። ጣሪያ ተከፍቶ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከመጠምዘዣ መጠምዘዣ ስትሄዱ መሪው ምን እንደሚነግራችሁ የምታውቁት በ35 ነው። በ80 የምትሰሙት ንፋስ ብቻ ነው። ቁልቁለቱን በማርሽ ያዙ፣ ፍሬን አትቀቅሉ። ሲመሽ አጋዘን ይዘላል።

እማዬ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ መነጽር አድርጋ፣ ዝም ብላ ታያለች። 21 ማይል ገደማ ላይ ሆግባክ መመልከቻ ቆምን። ታች የሸናንዶዋ ወንዝ እየተጣጠፈ ይሄዳል። ከቶርንተን ጋፕ አለፍ ብሎ ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ግን ጮኸች። «ጣርማ በርን እዚህ አመጡት እንዴ!» ዋሻው በ1932 እ.ኤ.አ. ዓለቱን በስተው የሠሩት ነው። የኛው ጣርማ በርም በጣሊያን ጊዜ ተራራ ተበስቶ የተሠራ ስለሆነ ያለችው ከእውነት የራቀ አይደለም። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ 3,680 ጫማ እንደሆነ ስነግራት ወደ ሜትር ቀይሪልኝ አለች። 1,120 ሜትር ያህል ነው። «አዲስ አበባ እንኳ እጥፉ አይደለም እንዴ! ይሄን ነው ተራራ የሚሉት?» ብላ ስቃ አልጠገበችም።

ጋሼ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ዝግ ብለው ነው የሚሠሩት። ነገ ይደርሳል ካሉ ከነገ ወዲያ ጠብቁ። ሥራ ላይ ከሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ጽሁፍ ላኩላቸው። እሑድ ቅዳሴ አላቸው፣ ጋራዡ ዝግ ነው። የቦዲ ሥራና ቀለም አይነኩም። ኮምፒውተር የሞላቸውን የቅርብ ዓመታት ሞዴሎች «ለልጆቹ ስጧቸው» ይላሉ። ርካሽ የቻይና ዕቃ ገዝታችሁ ብትወስዱላቸው አይገጥሙም፣ ዋስትና የማልሰጥበትን አልሠራም ነው የሚሉት። ይሄኛውን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ካለ ይቁጠር።

ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ስካይላይን መውጣት የምታስቡ ከሆነ መስከረም ሳያልቅ ውሰዱላቸው፣ ያኔ ሁሉም ሰው ባንዴ ነው የሚያስታውሳቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ መኪናችሁ ምን እንደሆነችና ዓመቷን ጻፉልኝ። ሲያዩዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ቢሆን ይመርጣሉ፣ ስለዚህ ማታ አድርሳችሁ ብታሳድሯት ይሻላል።