ከማንኩሳ እስከ ዲማ በጆሮ፦ የጎጃም ደራስያን በሜሞሪ ካርድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዘፈን ከመጫን ይልቅ ለትረካና ለመጻሕፍት ወግ የሚያደላ አንድ ድምፅ ቤት አለ። ደንበኛው ሜሞሪ ካርዱን ወይም ፍላሹን ይሰጣል፤ ቤቱ ሁለት ዓይነት ነገር ይጭንለታል። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር የተነበበ ትረካ ነው። ሌላው፣ የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ፣ ሁለት ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ስለ አንድ ደራሲና ስለ ድርሰቱ የሚያወጉበት ቅጂ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ዮፍታሔ ንጉሤና አቤ ጉበኛ የየራሳቸው ፎልደር አላቸው፤ አምስተኛው ፎልደር የቅኔ ነው። ካርዱን ይዞ ለሚመጣ የሚጠየቀው የመጫኛ ሒሳብ ብቻ ስለሆነ ዋጋው አያስመርርም።

ሥራው ሊያዝ የሚገባው ነው። ይሁንና ፎልደሮቹ እኩል አይደሉም፤ የሚለያቸውም አንድ ነገር ነው። ተጨዋቾቹ መጽሐፉን ገልጠው፣ አንድ ገጽ ጮክ ብለው አንብበው፣ «ይህን ለምን አለ?» ብለው ሲነሡ ወጉ ይሞቃል። መጽሐፉን ከድነው ስለ ደራሲው ታላቅነት ማውራት ሲጀምሩ ግን አድማጩ ቀድሞ ከሚያውቀው አይሻገርም።

የሐዲስ ዓለማየሁ ፎልደር በርዝመትም በጥራትም ይመራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከተተረከ ወዲህ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበርና ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን ድምፅ ይሰጠዋል፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ ስም ሳይጠራ ይታወቃል። ስለዚህ የውይይቱ ሰዎች ትረካውን እንደገና ለመተረክ ቢሞክሩ ኖሮ በከንቱ በደከሙ። እነሱ ግን ታሪኩ በሚፈስበት ቦታ ያቆሙታል፤ ጥበባቸውም ይኸው ነው።

የልብ ወለዱ ታሪክ የሚጀምርባት የማንኩሳ ክፍል ለዚህ ምስክር ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን በዛብህን ለእግዚአብሔር የተሳሉበትን ምዕራፍ አንብበው፣ ስለት በዚያ ዘመን በቤተሰብ ላይ ምን ዓይነት ዕዳ እንደነበረ ያስረዳሉ። ልጁ የሚሄድበትን የትምህርት መንገድም ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከዳዊት ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ እያሉ በተራ ይዘረዝሩታል። ደበሎ ለብሶ፣ ኮፈዳ አንግቶ፣ በየደጁ ለምኖ፣ በጎጆ አድሮ የሚማረውን ተማሪ ኑሮ ያላየ የከተማ ልጅ ይህን ክፍል ሰምቶ ወደ መጽሐፉ ቢመለስ የበዛብህ ዓይን አፋርነት ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ደራሲው ራሳቸው በዲማ፣ በደብረ ወርቅና በደብረ ኤልያስ የተማሩ መሆናቸውን ተጨዋቾቹ በቦታው አስገብተውታል፤ የሕይወት ታሪክ እንዲህ ከድርሰቱ ጋር ሲጋመድ ነው የሚጠቅመው።

የዲማው ክፍልም አይተናነስም። ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሣ ጠቡ ስለ ምን እንደሆነ ለዛሬ አድማጭ ግልጽ አይደለም። ተጨዋቾቹ ርስትንና ጉልትን ይለያሉ፦ ርስት ገበሬው ከአባቶቹ የወረሰው የመሬት መብት ነው፤ ጉልት ደግሞ ባላባቱ ከዚያ መሬት ግብር የመቀበል መብቱ ነው። ከዚህ በኋላ የመሸሻ ትዕቢትና የአበጀ እምቢታ የሁለት ሰዎች ጠባይ ብቻ መሆኑ ይቀርና የሥርዓቱ ጥያቄ ይሆናል። ይህን አሥር ደቂቃ የማይሞላ ማብራሪያ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢያሰሙት ብዙ ድካም ይቀንስላቸዋል።

ወጉ የሚላላው የዘመኑን ልማድና ሥርዓት የሚተቸው ገጸ ባሕርይ፣ ጉዱ ካሣ ላይ ሲደርስ ነው። ያወድሱታል፣ ይደነቁበታል፣ ያልፉታል። ክርክሩን ሐረግ በሐረግ አንብበው፣ ካሣ የሚናገረው እንደ ገጸ ባሕርይ ነው ወይስ ደራሲው በእሱ አፍ ነው የሚለውን ጥያቄ ማንሣት ነበረባቸው። «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልምዣት»ም ስማቸው ብቻ ተጠርቶ ቀርቷል። ደራሲው በጣሊያን ወረራ ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች መታሰራቸው ተነግሯል፤ ነገር ግን እስራቱን ራሳቸው ከጻፉበት «ትዝታ» አንድ አንቀጽ እንኳ አልተነበበም። ጽሑፉ እያለ በሌላ ሰው አፍ መስማት የሚያስቆጭ ነው።

የነጋድራስ አፈወርቅ ፎልደር አጠር ያለ ነው፤ ግን በጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጣል። ከጣና ዳር ከዘጌ የተነሡት ደራሲ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ተጨዋቾቹ የመጽሐፉን መግቢያ ቀስ ብለው ያነቡታል፤ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር የት ትንፋሽ መውሰድ እንደሚገባ እያሳዩ ይፈቱታል። መንታዎቹን ዋሕድንና ጦቢያን፣ ጦቢያም እንደ ወንድ ለብሳ የምትጓዝበትን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ደራሲው ከጣሊያን ወገን ወደ መቆማቸው ያልፋሉ። አልሸፋፈኑትም፤ መጽሐፉንም በዚያ ምክንያት አልጣሉትም። እንዲህ ያለ ሚዛን በጽሑፍም ቢሆን ዘወትር አይገኝም።

የቀኝጌታ ዮፍታሔ ፎልደር አሳዘነን። የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ የተውኔት ሰው ናቸው፤ ተውኔት ደግሞ ለድምፅ የተሠራ ነው። ሆኖም «አፋጀሺኝ» የተነገረው በጥቅል ነው፤ ሁለቱ ተጨዋቾች ገጸ ባሕርያቱን ተካፍለው አንድ ትዕይንት ቢያነቡ ኖሮ ፎልደሩ ይድን ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይዘመር የነበረውን፣ ዜማውን ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱለትን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም በተመለከተ ግን የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው። የአቤ ጉበኛ ቅጂ ካፌ ውስጥ በስልክ የተቀዳ ይመስላል፤ የሲኒው ድምፅ ከሰዎቹ ይበልጣል። በ1955 ዓ.ም. ስለ ወጣውና ስለ ታገደው «አልወለድም» የሚናገሩት ቁም ነገር ስላለው በኢርፎን መስማት ይሻላል።

ቅኔው የተለየ ነው። ጎጃም የታወቀው የቅኔ ትምህርት ቤት የዋሸራ አገር ነውና አድማጩም እዚህ ላይ አይምርም። በፊደላችን መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ የቅኔው ኅብር ግን ብዙ ጊዜ የሚቋጠረው እዚያው ላይ ነው። አንባቢው ቃሉን አጥብቆ ካነበበው አንዱን ትርጉም ከፈተ፣ ሌላውን ዘጋ ማለት ነው። የዚህ ፎልደር አዘጋጆች ይህን ተረድተው ሁለት መስመር ያለውን ጉባኤ ቃናና ሦስት መስመር ያለውን ዘአምላኪየ መጀመሪያ በዜማ፣ ቀጥሎ በንባብ፣ ቀጥሎ አጥብቀውም አላልተውም ያሰሙና ሰሙን ከወርቁ ይለያሉ። ስምንት መስመር ወዳለው መወድስ ሲደርሱ ግን ይቸኩላሉ፤ ሁለት ጊዜ ያልተነበበ መወድስ በጆሮ ብቻ አይያዝም። በስልክ የሚያዳምጥ ሰው ሌላውን ወግ በ1.25 ፍጥነት ቢሰማ ምንም አይጎድልበትም፤ ቅኔውን ግን በተፈጥሮ ፍጥነቱ ይተወው።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ፤ ብዙው ቅሬታ የሚነሣው ከይዘቱ ሳይሆን ከአጫጫኑ ነው። ለንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ይበቃል፤ አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ 8 ጊጋባይት ካርድም ከ250 ሰዓት በላይ ይሸከማል። ቤቱ ቦታ ለመቆጠብ ወደ 32 ካወረደው የ«ስ»ና የ«ሽ» ድምፅ ይሻክራል፤ ዜማው ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ስለዚህ ቅኔው 128 ይሁን፣ የቀረው 64 ይሁን ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ባለ ሜሞሪ ሬዲዮ የሚጠቀም ሰው ከ32 ጊጋ የማይበልጥ ካርድ ይያዝ። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑት ከፋብሪካ ሲወጡ ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደራጀት (ፎርማት) የተዘጋጁ ናቸው፤ አብዛኛው ርካሽ ሬዲዮ ደግሞ የሚያነበው ፋት 32 የሚባለውን የቆየ ፎርማት ብቻ ነው። ካርዱ ተሰክቶ ሬዲዮው ዝም ሲል «ካርዱ ተበላሸ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፣ ፎርማቱ ነው። ከቴሌግራም የወረደ የድምፅ መልእክትም በስልክ እየተከፈተ በሬዲዮ የማይከፈተው ኤምፒ3 ስላልሆነ ነው፤ ቤቱ እንዲቀይረው ጠይቁ።

ሌላው ችግር ቅደም ተከተል ነው። እነዚህ ሬዲዮኖች ፋይሉን የሚያጫውቱት በስሙ ሳይሆን ካርዱ ላይ በተጻፈበት ተራ ነው። ጫኚው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከገለበጠው ተራው ሊዛባ ይችላልና በዛብህ ዲማ ሳይደርስ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ልትፈልገው ትወጣለች። መፍትሔው ካርዱን ፎርማት አድርጎ ፋይሎቹን አንድ በአንድ በተራቸው መገልበጥ ነው። ለስልክ ደግሞ ስማቸው በ01፣ 02፣ 03 ይጀምር፤ ዜሮው ከሌለ አንዳንድ ማጫወቻ 10ን ከ2 ያስቀድማል። የአንዱ ፋይል ርዝመትም ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ብዙ ሬዲዮ ሲጠፋ የቆመበትን ደቂቃ አያስታውስምና የአንድ ሰዓት ፋይል አርባኛው ደቂቃ ላይ ባትሪ ካለቀ ከመጀመሪያው መስማት ነው።

ካርዱን እዚያው የሚገዛ ሰው ሳይከፍል በፊት የመጨረሻውን ፋይል ያስከፍት። አስመስለው የሚሠሩ ካርዶች 32 ጊጋ ነኝ ይላሉ እንጂ እውነተኛ አቅማቸው ሲሞላ የሚጻፈው ይጠፋል፤ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ይሠራሉ፣ የኋለኞቹ አይከፈቱም።

ቤቱ ሊያርመው የሚገባ አንድ ትልቅ ጉድለት አለ። በፎልደሮቹ ላይ የተራኪ ስም፣ የቅጂ ዘመን፣ የፈቃድ ነገር አልተጻፈም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት መብት ደራሲው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። አፈወርቅና ዮፍታሔ ካረፉ ከ50 ዓመት በላይ ስለሆነ ሥራዎቻቸው ከዚህ ገደብ ወጥተዋል፤ በ1972 ያረፈው አቤና በ1996 ያረፉት ሐዲስ ግን አልወጡም። ከመጽሐፍ አጭር ክፍል እየጠቀሱ መወያየት አንድ ነገር ነው፣ ሙሉ ትረካን ያለ ፈቃድ እየጫኑ መሸጥ ሌላ ነው። ደንበኛው «ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ መልስ ካላገኘ ውይይቶቹን ብቻ አስጭኖ መጽሐፉን ከመጻሕፍት መደብር ይግዛ።

ለጀማሪ የምንመክረው ተራ ይህ ነው፦ የማንኩሳውን ምዕራፍ አስቀድሞ ማንበብ ወይም በትረካ መስማት፣ ቀጥሎ ውይይቱን፣ ከዚያ የዲማውን በዚያው አኳኋን። ውይይቱ የታሪኩን ፍጻሜ ሳይጠነቀቅ ስለሚናገር መጽሐፉን ያልጨረሰ ሰው የሐዲስን ፎልደር የመጨረሻ ሁለት ፋይሎች ያቆያቸው።