ቬኒስን በቅንጦት መጎብኘት፦ ገንዘቡ የሚገባው ለየትኛው ነው?

በጣሊያኗ ቬኒስ ውስጥ ለባለገንዘብ እንግዳ የሚሸጠው የጉዞ ጥቅል ምቾትንና የአካባቢውን ባህል አንድ ላይ አስሮ የሚያቀርብ ነው። ምቾቱ የተባለውን ያህል ነው፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም። ባህል ተብሎ በጥቅሉ ውስጥ የገባው ግን በአብዛኛው ለእንግዳ ዓይን የተሰናዳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የከተማዋ ሰው ለራሱ ብሎ የያዘው ወግ የሚገኘው ከሆቴሉ በር ውጭ፣ በሁለት ዩሮ ወይም ያለ አንዳች ክፍያ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው ልጆቻቸው አውሮፓ ለሚኖሩ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የወልድያ ወላጆች፣ እንዲሁም በላሊበላና በሐይቅ እንግዳ በመቀበል ለሚተዳደሩ ወገኖቼ ነው።

ጥቅሉን የገዙልን ሚላኖ የሚኖሩት የአክስቴ ልጆች ናቸው። ተጓዦቹ አክስቴ፣ ባለቤታቸውና እኔ ነበርን። አክስቴ ክርስቲያን፣ ባለቤታቸው ሙስሊም ናቸው፤ ይህ ለእኛ ለወሎዎች እንግዳ ነገር ባይሆንም የሆቴሉን ወጥ ቤት ግራ ስላጋባው ወደ ኋላ አነሣዋለሁ። በጥቅሉ ውስጥ ከአውሮፕላን ማረፊያ በግል የሞተር ጀልባ መቀበል፣ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው የውኃ መንገድ፣ በታላቁ ቦይ ዳር፣ ከጥንት የመኳንንት መኖሪያነት ወደ ባለአምስት ኮከብ ሆቴልነት በተለወጠ ቤት ማደር፣ ጎንዶላ በተባለው የከተማዋ ባለመቅዘፊያ ጀልባ ሽርሽር፣ «የባህል እራት» እና ከአስጎብኚ ጋር በእግር መዞር ተካትተዋል።

ስለ ሆቴሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጣሪያው በሥዕል የተሸፈነ፣ መብራቱ ሙራኖ በምትባለው የቬኒስ ደሴት ብርጭቆ የተሠራ፣ አልጋው ንጹሕ፣ አስተናጋጆቹ ጨዋዎች ናቸው። ለእኔ ዋጋውን ያወጣው ነገር ሌላ ነው፤ ሆቴሉ በቀጥታ ወደ ውኃው የሚከፈት በር አለው። ቬኒስ መኪና የማይገባባት፣ ከአራት መቶ በላይ ድልድዮች ያሏት ከተማ ናት፤ አብዛኞቹ ድልድዮችም ደረጃ ስላላቸው ጉልበቱን ለሚያመው አዛውንት ከባድ ፈተና ናቸው። አክስቴ ከክፍላቸው ወጥተው ጥቂት እርምጃ ተራምደው ጀልባ ላይ መቀመጣቸው ጉዞውን ከድካም አድኖታል። ወላጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ከወርቅ ቅብ ጣሪያ ይልቅ ይህን የውኃ በር ይጠይቅ። ኅዳር ባሕሩ ከፍ የሚልበት ወቅት በመሆኑ ጎርፍ ያሳስበን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው ወር ውኃው 187 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን ክፉኛ ጎድቷት ነበርና። ከ2020 ጀምሮ ግን ከተማዋን ወደ ከበባት ሐይቅ በሚያስገቡት የባሕር በሮች ላይ የተተከሉ ተንቀሳቃሽ መከላከያዎች ከፍ ያለ ማዕበል በተተነበየ ጊዜ ስለሚነሡ ስጋቱ በእጅጉ ቀንሷል።

አሁን ወደ ጎንዶላው ልምጣ። የጎንዶላን ታሪፍ የሚወስነው የከተማዋ አስተዳደር ሲሆን፣ ቀን ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ 110 ዩሮ ነው፤ ይህም ለአንድ ሰው ሳይሆን እስከ አምስት ሰው ለሚይዘው ጀልባ በሙሉ የሚከፈል ነው። በጥቅሉ ሒሳብ ላይ የተጻፈብን ከዚህ በጣም የበለጠ ነበር። ልዩነቱ ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ «የምሽት ባህላዊ ዝግጅት» የሚል መልስ ተሰጠን፤ ዝግጅቱም በአኮርዲዮን የታጀበ ዘፈን ነበር። ዘፋኙ ድምፀ መልካም ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ የቀዛፊውን ሙያ ማየት ለሚፈልግ ሰው ዘፈኑ ይሸፍንበታል።

ያ ሙያ ደግሞ በእውነት ሊታይ የሚገባው ነው። ጎንዶላ አሥራ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከስምንት ዓይነት እንጨት፣ ከ280 ያህል ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚገጣጠም ጀልባ ሲሆን፣ የግራ ጎኑ ከቀኙ በ24 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፍቶ ይሠራል። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በአንድ መቅዘፊያ ብቻ፣ በቀኝ በኩል ስለሚቀዝፍ፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል ቢሆኑ ጀልባው ወደ ግራ እየዞረ ያስቸግር ነበር፤ ያ መጣመም ነው ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው። መቅዘፊያው የሚያርፍበት ከዋልነት እንጨት ተጠርቦ የሚወጣ ድጋፍ አለ፤ እዚህም እዚያም የተጎረደና የተቆለመመ በመሆኑ ቀዛፊው መቅዘፊያውን በየጉርዱ እየቀያየረ ወደ ፊት ይሄድበታል፣ ወደ ኋላ ይመለስበታል፣ ባለበት ይቆምበታል፣ ጠባብ ቦይ ውስጥ ይታጠፍበታል። ይህን ድጋፍ የሚጠርቡ ባለሙያዎች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሳን ትሮቫዞ ሰፈር ጎንዶላዎች የሚሠሩበትና የሚጠገኑበት አሮጌ የእንጨት ቤት አለ፤ ከቦዩ ማዶ ቆሞ የተገለበጡትን ጀልባዎች ማየት ክፍያ የለውም። አስጎብኚያችን በቦታው ሳይቆም ሊያልፍ ሲል ያስቆሙት የአክስቴ ባል ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው አናጺ ስለነበሩ፣ ከዚያ ስፍራ እስኪበቃቸው ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

ጎንዶላ ላይ ለመቀመጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ትራጌቶ የሚባለው አለ። ታላቁን ቦይ የሚሻገሩት ቋሚ ድልድዮች አራት ብቻ ስለሆኑ የሰፈሩ ሰው ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ የሚያልፈው በዚህ በሁለት ሰዎች በሚቀዘፍ ሰፋ ያለ ጎንዶላ ነው። ለእንግዳ ዋጋው ሁለት ዩሮ ነው። የገበያ ዘንቢል ከያዙ ባልቴቶች ጋር ስንሳፈር ጀልባው ሲወዛወዝ አክስቴ ደንገጥ አሉ፤ ጋሼም «አብሽሪ፣ ሰዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ» አሏቸው። መሻገሪያው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በጥቅሉ ውስጥ ካሉት የጀልባ ዝግጅቶች ሁሉ ግን ይህን፣ ያልተካተተውን፣ አስበልጣለሁ።

የዚህ ጉዞ ትልቁ ስጦታ በጥቅሉ ያልታሰበ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ጠዋት ከሆቴሉ ስንወጣ ሰዉ ሻማ ይዞ በአንድ አቅጣጫ ሲተም አየን። ቬኒሳውያን በየዓመቱ በዚህ ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 21፣ ወደ ሳንታ ማሪያ ዴላ ሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1630 ከተማዋን የመታት ወረርሽኝ ከሕዝቧ ሲሶ የሚጠጋውን ሲጨርስ፣ መስፍኑና ሸንጎው መቅሠፍቱ ቢነሣላቸው ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ተሳሉ። ሥራው በተከታዩ ዓመት ተጀምሮ፣ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው በ1687 ነው። ለበዓሉ ሲባል በታላቁ ቦይ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋል፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ሆነው እየተሻገሩ ሻማቸውን ለአገልጋዮቹ ያስረክባሉ፤ እነርሱም ያበሩላቸዋል። በመንበሩ ላይ ያለችው ሥዕል በ1670 ከቀርጤስ የመጣች፣ በግሪኮች አሣሣል የተሣለች ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት።

አክስቴ ቀኑን ሰምተው «ዛሬ እኮ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ደሴ ይህን ጊዜ በየደጁ ቆሻሻው እየተቃጠለ ጭሱ ሰማይ ደርሷል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ ኅዳር ሲታጠን የምንለው በ1911 ዓ.ም. ሕዝባችንን የፈጀውን የኅዳር በሽታ መታሰቢያ አድርገን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት በአንድ ቀን ከመዛነፉ በቀር ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን ይውላሉ። ሁለት ሕዝብ፣ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በተራራቁ ሁለት መቅሠፍቶች ምክንያት፣ በአንድ ቀን አንዱ ሻማ ሲያበራ ሌላው ጭስ ሲያጨስ መገኘቱ አሁንም ሳስበው ይደንቀኛል። አክስቴ ሻማቸውን ሰጥተው፣ በቆሙበት ጸልየው ወጡ። ሆቴሉ ግን ይህን በዓል ለእንግዶቹ በአንዲት ቃል እንኳ አላስታወቀም፤ በዚያው ቀን በመርሐ ግብሩ ላይ የተመለከተው የብርጭቆ መሸጫ ጉብኝት ነበር። ይህ በአገልግሎቱ ላይ ካለኝ ቅሬታ ሁሉ የሚከብደው ነው።

በዚያ ቀን የሚበላ ምግብም አለ። ካስትራዲና ይሉታል፤ በጨው ታሽቶ፣ ጭስ ጠጥቶ የደረቀ የበግ ሥጋ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ከጥቅል ጎመን ጋር የሚቀርብ ሾርባ ነው። በወረርሽኙ ዘመን ሌላው ሁሉ ከተማዋን ሲሸሻት ከባሕሩ ማዶ ያሉት የዳልማትያ ሰዎች ይህን ሥጋ በመርከብ ማምጣታቸውን ስላላቋረጡ፣ ለውለታቸው ሲባል በዓመት አንድ ቀን ይበላል ይባላል። በአንዲት የሰፈር ምግብ ቤት የቀመስኩት ጨው በዛ ያለበት ቢሆንም፣ ቋንጣ ለለመደ አፍ የሚስማማ ነው። የሆቴሉ «የባህል እራት» ላይ አልነበረም። ሐላል ምግብን በተመለከተ ደግሞ ቦታ ሲያዝ የተነገራቸው ቢሆንም ጋሼ የቀረበላቸው ከአትክልትና ከዓሣ ውጭ ምንም አልነበረም፤ የቬኒስ ዓሣ ጥሩ በመሆኑ ሳይከፉ አሳለፉት። ለዚያ ሁሉ ክፍያ ግን ትኩስ የበግ ሥጋ ከሐላል ሥጋ ቤት ማስመጣት አይከብድም ነበር።

አስጎብኚው አዋቂ ነው፤ የጎደለው ነገር ፊቱ ያሉት እንግዶች ከየት እንደመጡ መጠየቅ ነው። ቬኒስ ለእኛ ባዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1402 የአፄ ዳዊት መልእክተኞች ለከተማዋ ሸንጎ ነብሮችን በገጸ በረከት ይዘው ደርሰው ነበር፤ የግማደ መስቀሉ ወደ ሀገራችን መምጣት ከእኚሁ ንጉሥ ዘመን ጋር ስለሚያያዝ፣ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ለሚወጣ ምዕመን ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። በከተማዋ ባለው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ፍራ ማውሮ የተባለው መነኩሴ በ1450 ገደማ ያዘጋጀው ሰፊ የዓለም ካርታ አለ። ኢትዮጵያን የሣላት ከዚያው ሀገር ተወላጆች በሰማው መሠረት በመሆኑ አባይን፣ ተከዜንና አዋሽን በስማቸው አስፍሯል፤ ተከዜ ከላስታ የሚነሣ፣ አዋሽም የቦርከናን ውኃ የሚቀበል ወንዝ ነውና፣ የወሎ ሰው ከዚያ ካርታ ፊት ሲቆም የሀገሩን ውኃ ያገኛል። ያገኘነው ራሳችን ጠይቀን በመሄዳችን ነው።

በላሊበላና በሐይቅ ላሉ የሆቴል ባለቤቶች አንድ ነገር ልበል። በቬኒስ አሮጌው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175,000 ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ50,000 በታች ነው፤ ብዙው መኖሪያ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። በዓሉ እስከ አሁን የቆመው በቀሩት ሰዎችና ለዚያ ቀን ከየብስ ተሻግረው በሚመጡት ነው። በላሊበላም አብያተ ክርስቲያናቱን ከበው ይኖሩ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል፤ ስለዚህ ቡናውን በሆቴል አዳራሽ በተለበሰ ቀሚስ ከማሳየት ይልቅ፣ እንግዳውን ጎረቤት ተጠርቶ አቦል፣ ቶናና በረካ ወደሚጠጣበት ቤት መውሰድ፣ ለባለቤቲቱም ተገቢውን መክፈል የተሻለ ይመስለኛል። የገና ቤዛ ኩሉ የሚጀመርበትን ሰዓት በክፍል ውስጥ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥም ወጪ የለውም።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ቬኒስ ለሚሄድ ቤተሰብ ምክሬ፣ የውኃ በር ያለውን ሆቴልና የመቀበያ ጀልባውን ብቻ ይግዛ፤ ጎንዶላውን፣ እራቱንና የብርጭቆ መሸጫውን ያስወጣ። ቀኑን ኅዳር 12 የሚውልበት ሳምንት ያድርገው። የሐላል ምግቡን ጉዳይ ደግሞ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በጽሑፍ መልስ ያግኝበት።