«የዓይን መከላከያ ጥቅል» ጨምረው ላፕቶፕ ከሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ገንዘብ ቋጥራችሁ ሱቅ ለሱቅ የምትዞሩ ወገኖቼ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ለላፕቶፑ 42,000 ብር፣ ከዚያ ደግሞ «የዓይን መከላከያ ጥቅል» ለሚሉት ነገር 4,500 ብር ከፍያለሁ። ያተረፍኩት ራስ ምታት ነው። ገንዘቡ ይቆጨኛል፤ ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚያው ሱቅ በር ላይ አንዲት ተማሪ ከእናቷ ጋር ቆማ ያንኑ ጥቅል ስትገዛ አየሁ። እናትየዋ ከመቀነታቸው ፈትተው ብር ሲቆጥሩ ሳይ አንጀቴ አልችል አለ።

የምተዳደረው በጽሑፍ እርማት ነው። መጽሐፍ ሊያሳትሙ የተዘጋጁ ሰዎች ረቂቃቸውን ይልኩልኛል፣ እኔም ፊደል በፊደል እለቅማለሁ። የእኛ ፊደል ደግሞ ለደከመ ዓይን አይራራም። «ሉ» ላይ ጭረቷ ከቀኝ እግሩ ወገብ ትወጣለች፣ «ሊ» ላይ ከግርጌው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስክሪን ላይ የነጥብ ያህል ነው። በቀን ስምንት ሰዓት እንዲህ ያሉ ጭረቶችን ስለቅም ለምውል ሰው ስክሪን ማለት የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ስለዚህ ስገዛ የቸኮልኩ አይደለሁም፤ አራት ሱቅ ዞሬ፣ ሁለት ቀን አስቤ ነው የገዛሁት። ቢሆንም ተሸወድኩ፤ ምክንያቱም መነካት የነበረበትን አንድ ነገር አልነካሁም።

ሱቁ ውስጥ ላፕቶፑ ቻርጀሩ እንደተሰካ ነበር፤ የስክሪኑ ብርሃንም እስከ ጣሪያው ከፍ ብሏል። ሻጩ ወጣት ነው፣ ንግግሩም ትሁት። «እህቴ፣ ከዱባይ የመጣ ነው፣ እንደ አዲስ ነው» አለኝ። የአበባ ፎቶግራፍ ከፍቶ አሳየኝ። እኔም ቁልፎቹን ተጫንኩ፣ ማጠፊያውን አየሁ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ጠየቅሁ። ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርጌ፣ ነጭ ገጽ ከፍቼ አላየሁም። መላው ጣጣ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር።

ቤት ገብቼ ረቂቅ ስከፍት ፊደሎቹ ወፍራም፣ ጠርዛቸው የተቆራረሰ ሆኖ አገኘኋቸው። ብርሃን መቀነሻ ቁልፎቹን ብጫን ምንም የለም። ማታ መብራት አጥፍቼ ስሠራ ከፊት ለፊቴ የመኪና ፋና የበራብኝ ያህል ነበር። በሁለተኛው ቀን ይዤው ተመለስኩ። ሻጩ ነገሩን እንደሚያውቀው ሁሉ አልተደነቀም። «ስክሪኑ ኃይለኛ ስለሆነ ነው፤ ለዚህ የዓይን መከላከያ ጥቅል አለን» አለኝና ሦስት ነገር ደረደረ፦ ቢጫማ መነጽር፣ ስክሪን ላይ የሚለጠፍ ስስ ላስቲክ፣ «የባለሙያ ሴቲንግ» ያለው ደግሞ ሦስተኛው።

መነጽሩን እንዴት እንደሚያሳምኑበት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እናንተም ፊት ያደርጉታል። እስክሪብቶ የምታህል የእጅ ባትሪ ያወጣሉ። ከእሷ የሚወጣውን ሰማያዊ ጨረር ነጭ ካርድ ላይ ሲያበሩት ካርዱ ይቀላል ወይም ይጠቁራል። ከዚያ መነጽሩን መሃል ያስገቡና ሲያበሩ ካርዱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። «አየሽ? ዓይንሽን ከዚህ ነው የሚያድነው።» እኔም አየሁና አመንኩ። በኋላ እንደተረዳሁት እነዚህ ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት 405 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን ወይን ጠጅ ጨረር ነው። የላፕቶፕ ስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ግን ጉልበቱ ያለው 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው። መነጽሩ ባትሪዋን መከልከሉ ስክሪኑን ይከለክላል ማለት አይደለም። ቢከለክልስ? ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. 17 ሙከራዎችን መርምሮ፣ እነዚህ መነጽሮች በኮምፒውተር ሥራ የሚመጣውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተራ መነጽር የተሻለ የሚቀንሱ አይመስሉም ብሏል። የአሜሪካ የዓይን ሕክምና አካዳሚም ለኮምፒውተር ሥራ ብላችሁ ግዙ ብሎ አይመክርም።

«የባለሙያ ሴቲንግ» የተባለው ከሁሉም ይብሳል። ላፕቶፑን ወደ ውስጥ ወስደው ግማሽ ሰዓት ካቆዩት በኋላ ሲመልሱልኝ ፊደሎቹ ጠርተዋል፣ ብርሃኑም ከፍ ዝቅ ይላል። አመስግኜ ወጣሁ። የሠሩት ነገር ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ኮምፒውተር የሚያጠናው የጎረቤቴ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ይህ እኮ ድራይቨር ነው» አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ ስክሪኑን በትክክል እንዲያዝ የሚያስችለውን ፕሮግራም፣ አልጫኑትም። ድራይቨሩ ሲጎድል ዊንዶውስ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚባል መናኛ ምትክ ይሠራል። ያ ምትክ ብርሃን አያስቀንስም፣ ብዙ ጊዜም የስክሪኑን ትክክለኛ ጥራት አያወጣም። ትክክለኛው ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። ዋናው የሽያጭ አካል የሆነውን ነገር አጉድለው ሸጡልኝ፣ ከዚያም የጎደለውን መልሰው በገንዘብ ሸጡልኝ።

ድራይቨሩ መጉደሉ ሌላም ነገር ሸፍኖ ነበር። ብርሃኑ ከጣሪያው አልወርድም ሲል የስክሪኑ ዋና ጉድለት አይታይም። ጉድለቱ የወጣው ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ነው። በዚያው ምሽት ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ቻርጁ ቶሎ እንዳያልቅ ብዬ ብርሃኑን ወደ ሩብ ገደማ አወረድኩት። አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ጆሮ ግንዴ ላይ ችንካር የተመታ ያህል ጀመረኝ። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ነበር። በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ።

ደወልኩላቸው። የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ዓይንሽ መነጽሩን አልለመደውም፤ ሁለት ሳምንት ታገሺው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዓይኔ ጤነኛ ነው አሉኝ፣ ትንሽ ደርቋል። ሰው ስክሪን ላይ ሲያተኩር ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው በእጅጉ ባነሰ መጠን ስለሆነ ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው 20 ሰከንድ ያህል ስድስት ሜትር ገደማ ራቅ ያለ ነገር እንዳይ መከሩኝ። ምክሩ ጠቅሞኛል። ነገር ግን ድሮ በነበረኝ ላፕቶፕ አምስት ዓመት በዚህ ዓይን ስሠራ ያልታመምኩት ለምን እንደሆነ አልመለሰልኝም።

የመለሰልኝ እርሳስ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ማታ ክፍሉን አጨለመ፣ ነጭ ገጽ ከፈተ፣ ብርሃኑን ወደ ሩብ አወረደ። ከዚያ እርሳሱን በስክሪኑ ፊት ፈጠን አድርጎ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። እርሳሱ አንድ የደበዘዘ ጥላ ሆኖ መታየት ሲገባው፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ አሥር ተለያይተው የቆሙ እርሳሶች ሆኖ ታየኝ። ብርሃኑን ወደ ጣሪያው ሲመልሰው አሥሩ እርሳስ ጠፍቶ አንድ ጥላ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ ስልኩን አወጣና የካሜራውን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ላይ አድርጎ ስክሪኑ ላይ ደገነው። ጥቋቁር መስመሮች በነጩ ገጽ ላይ ተጋድመው ይተማሉ። በዓይን ምንም አይታይም፣ ካሜራው ግን ያየዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ስክሪኖች ብርሃን ሲቀንሱ መብራቱን በእውነት አያደበዝዙትም፤ በፍጥነት ያበሩታል፣ ያጠፉታል። በሰከንድ 200 ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል ስክሪን ውሰዱ። እያንዳንዱ ዙር የሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ ይፈጃል። ብርሃኑን ሩብ ላይ ስታደርጉት ከዙሩ ሩቡን ብቻ ይበራል፣ ሦስት ሩቡን ጨለማ ነው። ዓይናችን አማካዩን እንደ ደብዛዛ ብርሃን ይቀበለዋል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ሰውነት ብልጭታውን ይቆጥረዋል፤ ራስ ምታቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። አይትሪፕልኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የኢንጂነሮች ማኅበር ለኤልኢዲ መብራቶች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ ብርሃን ጉዳቱ አነስተኛ እንዲሆን የብርሃኑ መዋዠቅ ከ16 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጨርሶ የሚጠፋ ብርሃን መዋዠቁ 100 በመቶ ነው። ሁሉም ላፕቶፕ እንዲህ አይደለም። ኤልሲዲ ከሚባሉት የተለመዱ ስክሪኖች ብዙዎቹ ዛሬ ብርሃን የሚቀንሱት ሳይርገበገቡ ነው፣ ኦሌድ ከሚባሉት አዳዲስ ስክሪኖች መካከል ግን የሚርገበገቡት ብዙ ናቸው። ስለዚህ አዲስ መሆኑ ዋስትና አይሆንም፣ ውድ መሆኑም እንዲሁ።

ይህ ጉድለት መነጽርም፣ ላስቲክም፣ ትዕግሥትም አይፈውሰውም። ሻጩ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ደንበኛ እየተመላለሰ አንድ ዓይነት ሕመም ሲነግረው ግን ምክንያቱን አለመጠየቅ ይከብዳል።

በባትሪ ስትሠሩ ብቻ የሚመጣ ሌላ ጣጣም አለ፣ ይህን ግን ራሳችሁ በነጻ ታስተካክሉታላችሁ። ከነጭ ጽሑፍ ወደ ጠቆር ያለ ምስል ስሻገር ስክሪኑ ቀስ እያለ ሲደበዝዝ፣ ስመለስ ደግሞ ሲፈካ አይ ነበር። ዓይኔ እየታመመ መስሎኝ ደንግጫለሁ። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል የግራፊክሱ ሶፍትዌር እንደሚታየው ነገር ብርሃኑንና ቀለሙን እየለዋወጠ ነው። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ኢንቴል ከሆነ «ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ፓወር»፣ ከዚያ በባትሪ ሲሠራ በሚለው ሥር «ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግስ» የሚለውን አጥፉት። ኤኤምዲ ከሆነ ስሙ «ቫሪ ብራይት» ነው። ዊንዶውስ 11 ራሱም በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ከብርሃን መቆጣጠሪያው ሥር ይዘትን እያየ ብርሃን የሚለዋውጥ ምርጫ አለው፤ እሱንም አጥፉት። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል። እኔ ያጣሁት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት።

የሚርገበገብ ስክሪን እጃችሁ ላይ ላለ ደግሞ ማቃለያ አለ። የስክሪኑን ብርሃን እርሳሱ አንድ ጥላ ብቻ እስኪሆን ድረስ ከፍ አድርጉትና እዚያ ተዉት። ድምቀቱን የምትቀንሱት በግራፊክሱ ሶፍትዌር የቀለም ማስተካከያ ይሁን፤ ማታ ደግሞ ቀለሙን ወደ ቢጫማ የሚያደርገውን የዊንዶውስ «ናይት ላይት» አብሩ። እነዚህ የሚቀንሱት ምስሉን እንጂ መብራቱን ስላልሆነ ብልጭታ አያመጡም። ክፍላችሁ ውስጥም ሌላ መብራት ይብራ፣ በጨለማ ብቻውን የሚያበራ ስክሪን የትኛውንም ዓይን ያደክማል። ለእኔ ራስ ምታቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «ሁለት ሳምንት ታገሺው» የተባልኩት በገዛሁ በአምስተኛው ቀን ነው። ታግሼ ስመለስ 19ኛው ቀን ሆኖ ነበር። ሻጩ በትሕትና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚለው ወረቀት አመለከተኝ። ስለ 15 ቀኑ ሳነሳበት ቀኑን ቆጠረልኝ። አሳምሮ ያውቀዋል። ለጥቅሉ ደግሞ ከመጀመሪያውም ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ንቀሉት፣ ብርሃኑን ወደ ሩብ አውርዱት፣ ነጭ ገጽ ክፈቱበትና እርሳስ ወይም እስክሪብቶ አወዛውዙበት። የሱቁ መብራት ራሱ የሚርገበገብ ከሆነ እንዳያሳስታችሁ በእጃችሁ ከልላችሁ ጥግ ይዛችሁ ሞክሩት። ብርሃኑ አልቀንስ ካለ ድራይቨሩ ጎድሏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በነጻ እስኪጭኑላችሁና እንደገና እስክትሞክሩት ድረስ ገንዘብ አታውጡ። የእናንተን ቋንቋ ፊደል በትንሹ መጠን ጽፋችሁ «ሉ» እና «ሊ»ን ለዩ። የከፈላችሁት እያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ላይ ይስፈር፣ «ጥቅል» የሚሉትም ጭምር። ሰሞኑን ገዝታችሁ ራሳችሁን እያመማችሁ ያላችሁም ዛሬውኑ ደረሰኛችሁን አውጡና ቀኑን ቁጠሩ። 15 ካልሞላ ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ተገኙ።