ለቤት የሥጋ ዶሮ ሲገዙ፦ ፈጣኑ ዲቃላ ወይስ ራሱን የሚተካው ከባድ ዝርያ?

ለሥጋ የሚሆን ዶሮ ለማርባት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይከብዳል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከሚዛኑ በፊት ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ቀጣዮቹን ጫጩቶች ከየት ሊያመጡ ነው? በየዙሩ ሊገዙ ወይስ ከራስዎ ዶሮዎች ሊያስፈለፍሉ?

በየዙሩ የሚገዙ ከሆነ እንደ ኮብ 500 እና ሮስ 308 ያሉትን የሥጋ ዲቃላዎች የሚስተካከል የለም። በአግባቡ ከተያዙ በስድስት ሳምንት ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ አንድ ኪሎ ለመጨመርም ሁለት ኪሎ የማይሞላ መኖ ይበቃቸዋል። ፍጥነቱ ግን ዕዳ አለው፤ ሥጋቸው ከልባቸውና ከእግራቸው ቀድሞ ያድጋል። አምስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ቤታቸው ቢገቡ ብዙዎቹን መመገቢያው ሥር ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ብቻ አስግገው ሲበሉ ያገኟቸዋል። ደረታቸው ከጉዝጓዙ ስለማይነሣ ላባው ይሳሳል፤ ጉዝጓዙ ከረጠበ ደግሞ ቆዳቸው ይቆስላል። ሙቀት ሲበረታ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው። ስለዚህ ጫጩቶቹን ከመግዛትዎ በፊት የሚያርዱበትን ሳምንት ይወስኑ።

ከእነዚህ ዘር ማስቀረትን ከልቤ አልመክርም። ለየብቻ ከተያዙ የአባትና የእናት የዘር መስመሮች የተገኙ ስለሆኑ ልጆቻቸው አንድ ወጥ አይሆኑም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይቀራል። እንቁላል እስኪጥሉ ለማቆየትም መኗቸውን በጥብቅ መመጠን ያስፈልጋል። እንዳሻቸው ከበሉ እግራቸው ይከዳቸዋል።

ራሱን የሚተካ መንጋ የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ከባድ ዝርያዎች ማዞር አለበት። እዚህ ገዢን በቶሎ የሚማርከው ጀርሲ ጃይንት ነው፤ ያደገ አውራ ወደ 5.9 ኪሎ ይደርሳል። ሆኖም አጥንቱ ከሥጋው ይቀድማል። የአራት ወር ቄብ አንሥተው ደረቷን ቢዳስሱ ጣትዎ ላይ የሚሰማው የደረት አጥንቷ ስለት ነው፤ ግራና ቀኙ ገና አልሞላም። እስኪሞላ ከስድስት ወር በላይ ይቀልቧታል። ብራህማም የሚበስለው ዘግይቶ ነው። ጠባዩ የረጋ፣ ብርድ የሚችል ዶሮ ቢሆንም የእግሩ ላባ ጭቃ ስለሚይዝ ለእርጥብ ግቢ አይሆንም።

ሥጋው ያለው ኮርኒሽ የተባለው ዝርያ ላይ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ታፋው ሙሉ ነው። ሴቷ ግን እንቁላል አታበዛም፤ ወንዱም በደረቱ ስፋትና በእግሩ ማጠር የተነሣ ከሴቷ ጋር መራባት ሊከብደው ይችላል። ፕሊማውዝ ሮክ በበኩሉ መካከለኛ ሥጋ ይዞ ጥሩ እንቁላል ይጥላል። የዛሬዎቹ ፈጣን ዲቃላዎች መሠረትም የእነዚህ የሁለቱ መዳቀል ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ስምንት የፕሊማውዝ ሮክ ቄቦችና አንድ ወጣት፣ ቀልጠፍ ያለ የኮርኒሽ አውራ ነው። ልጆቻቸው ኮብን አይደርሱበትም፤ ነገር ግን በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ሣር ይጭራሉ፣ ደረታቸውም ከንጹሑ ፕሊማውዝ ሮክ ይሞላል። እናቶቹን የሚተኩ ቄቦች እንዲገኙ አንድ የፕሊማውዝ ሮክ አውራም ለብቻው ይያዝ።

አውራ ሲገዙ በላባው አይማረኩ። መሬት ላይ ያስኪዱት፤ ጣቶቹ ቀጥ ያሉ፣ መዳፉ ቁስል የሌለው ይሁን። ቆጡንም ዝቅ ያድርጉለት፤ ከባድ ዶሮ ከከፍታ ሲዘል እግሩ ይጎዳል። ከባድ እናት ስትታቀፍ እንቁላል ልትሰብር ስለምትችል የማስፈልፈያ መሣሪያ ቢኖር ይመረጣል፤ አየር የሚያዘዋውር ከሆነ በ37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 21 ቀን ይወስዳል።

ጫጩቶቹን በስምንተኛው ሳምንት አንድ በአንድ ይመዝኑ፤ ለዘር የሚቀሩት እግር ላይም ቀለበት ይታሰር። ብዙ ሰው ትልልቆቹን አርዶ የተረፉትን ለዘር ያስቀራል፤ መንጋው ከትውልድ ወደ ትውልድ በክብደት እያነሰ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው።