መዳብ ወይስ አሉሚኒየም? ኤሲ ከመግዛታችሁ በፊት የውጪውን ማሽን እዩ

ሰሞኑን "ኤሲ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ አንድ ነው፤ የውጪው ማሽን ኮይሉ (ጋዙ የሚዞርበት ተጠማዛዥ ቱቦ) መዳብ የሆነውን ግዛ።

ሜክሲኮ አካባቢ ላለችው ማተሚያ ቤቴ መጀመሪያ የገዛሁት አሉሚኒየሙን ነበር። ያኔ ከመዳቡ በ9 ሺህ ብር ይረክስ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማቀዝቀዝ አቆመ። ጋዝ አስሞላሁ፣ 4,500 ብር። ሦስት ወር ሳይሞላው ደግሞ ሌላ 4,500። ያተረፍኳት 9 ሺህ እዚያው አለቀች። በሦስተኛው ጊዜ ቴክኒሻኑ የሳሙና አረፋ ቀባበትና ኮይሉ መታጠፊያ ላይ ጋዙ እያፈሰ አረፋውን ሲነፋው አሳየኝ። ሊበይደው ሲሞክር ቱቦው ሳይቀላ በአንዴ ቀልጦ ተቀደደ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም መልኩ አይለወጥም። መዳብ እስከ 1,085 ዲግሪ ይችላል፤ ቀልቶም ስለሚታይ በያጁ ፋታ ያገኛል።

አሉሚኒየም ከንቱ ነው አልልም። የዘመኑ መኪኖች ኮንደንሰር (የመኪናው ኤሲ የውጪ ኮይል) በአብዛኛው እሱ ነው። ችግሩ ሲያፈስ ነው። እዚህ በደንብ የሚበይደው ባለሙያ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መዳብ ቀለም የተቀባው አሉሚኒየም ነው። ሻጩ ቱቦው ላይ የተደረደሩትን ወርቃማ ስስ ቅጠሎች እያሳየ "መዳብ ነው" ቢላችሁ አትመኑ። ቅጠሎቹ በሁለቱም ዓይነት ማሽን በአብዛኛው አሉሚኒየም ናቸው። ወርቃማውም ሰማያዊውም መከላከያ ቅብ ነው። ቫልቩ ጋ ያለችው አጭር ቧንቧም መዳብ ሆና ኮይሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። የጎኑን ክዳን አስከፍቱና ቱቦው የሚታጠፍበትን ቦታ በቁልፍ ጫፍ ፋቅ አድርጉት። ነጭ ከወጣ ተዉት። ማግኔት አይረዳችሁም፣ ሁለቱንም አይስብም። ከተስማማችሁ "ኮይሉ መዳብ" ብሎ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

የቱንም ብትገዙ አቧራው አይምራችሁም። ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) የሚልከው ትኩስ ጋዝ ሙቀቱን ለውጪ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ የሚሆነው እዚያ ኮይል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ያው ፋን ቆላ ላይ ካለው ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። በዚያ ላይ የግንባታው አቧራ ቅጠሎቹን ሲደፍናቸው ኮምፕሬሰሩ ይጨነቃል፣ የመብራት ሂሳቡም ይወጣል።

እኔ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ሙቀቱ ሳይብስ፣ ብሬከሩን አጥፍቼ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ከውስጥ ወደ ውጪ ቀስ ብዬ አጥበዋለሁ። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቡና ይመስላል። የላቫጆ ፓምፕ ግን አታስነኩት፤ ቅጠሎቹ ይተኙና አየር አያሳልፉም።