ለተጎዳ የልብ ጡንቻ፦ አኩፓንክቸር ወይስ ኪኒን?

ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚደውልልኝ ሰው ጥያቄው አንድ ነው። «አጎትህን ያስወጋሃቸው መርፌ ስንት ነው? ልብ ያድናል ወይ?» ለሁሉም በአንድ ላይ ልመልስ። መርፌው አኩፓንክቸር ነው፤ መድኃኒት የሌለው ቀጭን መርፌ ቆዳ ላይ የሚሰካበት የቻይና ባህላዊ ሕክምና። እኔ ግን የኪኒኑ ወገን ነኝ። ብሩ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ምርጫም የለውም፣ ኪኒኑን ግዙ።

አጎቴ ደረታቸውን ሲያማቸው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳይ ምርመራ) ተነሱ፣ ትሮፖኒንም ተለካ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ነገር ነው። አስፒሪን፣ አቶርቫስታቲን፣ ሜቶፕሮሎልና ኢናላፕሪል ታዘዘላቸው። አራቱም ተደምረው በወር 1,100 ብር። ኢናላፕሪሉ ግን ደረቅ ሳል አመጣባቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲስሉ ያድራሉ፣ በዚህ መሐል ነው አዲስ አበባ በመርፌ ልብ የሚያድን አለ የሚባል ወሬ ቤታችን የገባው።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። አንዱ ቀን 900 ብር፣ 12 ጊዜ፣ 10,800። ለሁለታችን የደርሶ መልስ ትራንስፖርት 4,800። ያረፍነው ዘመድ ቤት ነው፣ ስኳርና ቡና ይዘን ስንሄድ 1,200፣ የአራት ሳምንት ምግብና ታክሲ 9,600። ጠቅላላ 26,400 ብር። ይህ ልክ የሁለት ዓመት ኪኒን ነው! ብሩን ለማብቃቃት ደግሞ ኪኒኑን አቆምን። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

መርፌው ምንም አልሠራም አልልም። እንቅልፋቸው ተሻለ፣ የትከሻ ሕመማቸውም ቀለለ። ደሴ ስንመለስ ግን እግራቸው አበጠ፣ የሰፈራችንን አቀበት ሦስት ጊዜ ቆመው ነው የሚወጡት። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሱ፣ ኪኒኑም እንደገና ተጀመረ። ሳሉስ? ኢናላፕሪሉ በሎሳርታን ሲቀየር ጠፋ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው አንድ ኪኒን ቢቀየር ለሚጠፋ ሳል ነበር።

በ2019 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ 404 የደረት ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር፤ በትክክለኛው ቦታ የተወጉት ሕመሙ የሚነሳባቸው ጊዜ ቀንሷል። ግን ሁሉም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው የተወጉት። የቀነሰውም ሕመሙ ነው። የሞተ የልብ ጡንቻ በጠባሳ ይተካል፣ መርፌ መልሶ አያበቅለውም። ስለ ጡንቻው ራሱ የሚጠቀሱት ጥናቶች ብዙዎቹ አይጥ ላይ የተሠሩ ናቸው።

በመርፌው ፈንታ ተብሎ ሱቅ የሚሸጠውን በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሽን ግን በፍጹም እንዳትገዙ። «ኦርጂናል ነው» ተብሎ በ6,500 ብር ወሰድኩት። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ነገር በሁለት ሳምንት መያዝ አቃተው፣ መለወጫ ብለው የሸጡልኝ ደግሞ ሶኬቱ አይገባም። ጥገና ቤት አስከፈትኩት፣ ሠሪው አይቶ «ይኼ አይጠገንም፣ ኮፒ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ካርቶኑን ቤት ሄጄ ሳየው የኩባንያው ስም ራሱ ፊደሉ ተሳስቶ ነው የታተመው። ደረቱ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለበት ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ማሽን ከነጭራሹ መንካት የለበትም፣ የፔስሜከሩን ሥራ ሊያውክ ይችላል።

ኪኒኑን ሳታቆሙ፣ ተራፊ ብር ኖሯችሁ ለሕመሙ ብቻ መወጋት ካማራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለሚወጋችሁም የደም ማቅጠኛ እንደምትወስዱ አሳውቁ፣ ሊደማ ይችላልና። መርፌው ከታሸገበት ዓይናችሁ እያየ ይከፈት፣ ሲያልቅም ይጣል። ደረታችሁን ያመማችሁ ዕለት ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።